የስልክ መተግበሪያ በሐኪም ሲታዘዝ ሂሳቡን ማን ይክፈል?

በጀርመን እንቅልፍ አጥቶ ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው የሚታዘዝለት የግድ ክኒን አይደለም። በእጅ ስልኩ የሚጭነው መተግበሪያም ሊታዘዝለት ይችላል። ታካሚው ማዘዣውን ለጤና መድን ተቋሙ ሲያቀርብ 16 ፊደላትና አሃዞች ያሉት የመክፈቻ ኮድ ይሰጠዋል። በኮዱ የተከፈተው መተግበሪያ አብዛኛውን ጊዜ ለ90 ቀናት ያገለግለዋል። ታካሚው ከኪሱ አይከፍልም፤ ወጪውን የሚሸፍነው መድኑ ነው።

ለዚህ አሠራር በር የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ የጸደቀ ሕግ ነው። በ2020 ጥቅምት ወር ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መተግበሪያዎች ተመዘገቡ፤ አንደኛው ለጭንቀት ሕመም፣ ሁለተኛው ለጆሮ ጩኸት ነበር። ከዚያ ወዲህ ለድባቴ፣ ለስኳር ሕመም፣ ከልክ ላለፈ ውፍረትና ለጀርባ ሕመም የተዘጋጁ ሌሎችም ተጨምረዋል።

በስልክ የሚገኝ የጤና መተግበሪያ ሁሉ ግን በመድን አይሸፈንም። የሀገሪቱ የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያዎች ተቆጣጣሪ ተቋም የእያንዳንዱን ደኅንነት፣ የታካሚውን የግል መረጃ አጠባበቅና የሕክምና ጥቅሙን በሦስት ወራት ውስጥ ይመረምራል። ማስታወቂያ የሚያሳይ መተግበሪያም ተቀባይነት የለውም።

ክርክሩ የተነሣው በሕጉ አንድ ድንጋጌ ላይ ነው። ጥቅሙን ገና በጥናት ያላረጋገጠ መተግበሪያ ለ12 ወራት በጊዜያዊነት መመዝገብ ይችላል፤ ጊዜው ሊራዘምለትም ይችላል። በዚህ ጊዜ መድኑ መክፈሉን ይቀጥላል። በመጀመሪያው ዓመት ዋጋውን የሚተምነውም አምራቹ ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ ዋጋው በድርድር፣ ካልተስማሙም በገላጋይ ቦርድ ይወሰናል። በ2020 ከተመዘገቡት ሁለቱ መካከል ለጭንቀት የተዘጋጀው ሲጀመር ለ90 ቀናት 476 ዩሮ ይጠየቅበት ነበር፤ ኋላ ግን ዋጋው ከግማሽ በታች ወርዷል። ለማይግሬን ራስ ምታት በጊዜያዊነት ተመዝግቦ የነበረ ሌላ መተግበሪያ ደግሞ በ2022 ከመዝገቡ ወጥቷል።

የመድን ተቋማቱ ቅሬታ ከዚህ ይመነጫል። ገንዘቡ ሠራተኛውና አሠሪው በየወሩ ከሚያዋጡት፣ ከ70 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከሚታከሙበት የጋራ ቋት የሚወጣ ነው። ጥቅሙ ላልተረጋገጠ ነገር የዋለ ገንዘብ ለሌላው ሕክምና ይጎድላል ይላሉ። አምራቾቹ በበኩላቸው ጥናት ብዙ ገንዘብ እንደሚጠይቅ፣ የመጀመሪያው ክፍያ ከቀረ ትናንሽ ኩባንያዎች ከገበያ እንደሚወጡና ታካሚውም አዲሱን ሕክምና እንደሚያጣ ይሞግታሉ። የሁለቱም ክርክር መሠረት አለው፤ ኪሳራው ሲመጣ ግን የሚሸከመው መዋጮ ከፋዩ ነው።

በ2024 የወጣው ሕግ ይህን ሚዛን ለማስተካከል ሞክሯል። ከ2026 ጀምሮ ከዋጋው ቢያንስ 20 በመቶው በሚገኘው ውጤት ላይ እንዲመሠረት ደንግጓል። በዚህም የአደጋው አንድ ድርሻ ወደ አምራቹ ተሻግሯል።

ጉዳዩ በኢትዮጵያ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የታቀፈውን አርሶ አደር የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው። እርሱ በዓመት አንድ ጊዜ የሚያዋጣው ገንዘብ ከጀርመኑ ሠራተኛ መዋጮ ጋር በመጠን አይወዳደርም፤ መርሑ ግን አንድ ነው። ጤነኛው ለታመመው፣ ዛሬ ያላመመው ለነገው ያዋጣል። ዘመናዊ ስልክና አስተማማኝ ኔትወርክ ላልደረሰው አባል የስልክ ሕክምና ገና ሩቅ ሊመስል ይችላል። ሆኖም መሣሪያም ሆነ መድኃኒት ወይም መተግበሪያ በመድን ሽፋን ውስጥ ይግባ በተባለ ቁጥር አባላት ሊጠይቋቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ ጥቅሙ ተረጋግጧል ወይ? ዋጋውን የተመነው ማን ነው? ባይሠራስ ኪሳራው የማን ነው? ጀርመን ለሦስተኛው ጥያቄ ከፊል መልስ ለመስጠት ዓመታት ፈጅቶባታል። ጥያቄዎቹ ክፍያው ከመጀመሩ በፊት ቢነሡ የጋራው ገንዘብ ከብክነት ይድናል።