ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ የሚመጣው ሒሳብ

የወሎዋን ሐይቅ ከተማ ያየ እንግዳ «ሐይቁ ደጃችሁ እያለ ውሃ ምን ያስወጣችኋል?» ማለቱ አይቀርም። ደጅ ያለ ውሃ ግን ቤት የገባ ውሃ አይደለም። ሐይቁ መውጫ የለውም፤ የተቀዳው ሁሉ ከዚያው ተፋሰስ ይቀነሳል። ከተቀዳ በኋላም መጣራት፣ ከዚያም ሽቅብ መገፋት አለበት። የወሎ ተራራ ደግሞ ለፓምፕ አያዝንም።

እስቲ እናስላው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መለኪያ ከ20,000 እስከ 50,000 ሕዝብ ያለው ከተማ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ማድረስ ነበረበት። ለምሳሌ 30,000 ነዋሪ ላላት ከተማ 1,500 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ከሚመረተው 30 በመቶው በቧንቧ ስንጥቅ ከፈሰሰ ግን ምርቱ 2,140 ገደማ መሆን ይኖርበታል። ፓምፑ በ60 በመቶ ብቃት ቢሠራ፣ አንዱን ሜትር ኩብ 100 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት 0.45 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። የፈሰሰው ውሃ ብቻ በዓመት ከ100,000 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይዞ አፈር ይገባል። መብራቱን የሚከፍለው ቆጣሪ ያለው ደንበኛ ነው።

የውሃ ፕሮጀክት የወጪ ግምትም ገና በወረቀት ላይ እያለ ያረጃል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በ57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከውጭ የሚመጣው ፓምፕና መለዋወጫ ዋጋውም አብሮ ወጣ። ለከተሞች የሚሰጠው የውሃ ሀብት ልማት ፈንድ ገንዘብም ብድር ነው፤ የሚመለሰው ከታሪፍ ነው።

«ታሪፍ ሲጨምር ድሃው ይጎዳል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ቧንቧው ሲደርቅ በጄሪካን እየገዛ ከሁሉ በላይ የሚከፍለው ያው ድሃው ነው። ለቦኖ ዝቅተኛ ዋጋ ይያዝለት፤ ብዙ የሚጠቀመው ብዙ ይክፈል። አዲስ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊትም የሚያፈሰው መስመር ይጠገን።

የአምባሰሏ ውጫሌ አንድ ትምህርት አላት። በ1881 ዓ.ም. እዚያ ከጣልያን ጋር የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛ ሌላ፣ በጣልያንኛ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ መዘዙ እስከ ዓድዋ ደረሰ። የውሃ ፕሮጀክትም ዛሬ በሁለት ቋንቋ ይነገራል፤ በምረቃ ቀን በሚሊዮን ብር፣ ከዚያ ወዲያ በፈረቃ። ነዋሪው ሪባኑ ሳይቆረጥ የአንድ ሜትር ኩብ ሙሉ ዋጋ፣ ግንባታው ከመብራቱ፣ ከጥገናውና ከብድሩ ጋር ተደምሮ ይነገረው። ያኔ የሚፈርመው የገባውን ውል ነው።

የሐይቁ ልጅ