ሰይፍና ድግምት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ

ገበጣ ስትጫወቱ ሁለታችሁም በእኩል ጠጠር ትጀምራላችሁ፤ በመካከላችሁ የሚፈጠረው ልዩነት ከብልሃታችሁ የመነጨ ነው። በቼዝ ግን ንግሥቲቱና ወታደሩ በኃይል አይተካከሉም። ይሁን እንጂ ወታደሩ ተበደልሁ ብሎ አያጉረመርምም፤ እርሱንም ንግሥቲቱንም የምታንቀሳቅሰው አንዲት እጅ ናትና። እስቲ አሁን ደግሞ እያንዳንዱ ጠጠር የየራሱ ባለቤት ያለው ቼዝ በሐሳባችሁ ሣሉ። አንዱ ጓደኛችሁ ንግሥቲቱን ብቻ፣ ሌላው አንድ ወታደር ብቻ ይዞ ምሽቱን ሙሉ ይቀመጣል። ወታደሩን የያዘው እስከ መቼ የሚታገሥ ይመስላችኋል?

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን ጨዋታ የገጠመው ችግር ይኸው ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የታተመ ሲሆን፣ ደራሲዎቹ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው። ተጫዋቾች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ በቃል ያናግሩታል፣ ያዋጉታል፤ የድርጊቱ ውጤት አጠራጣሪ በሚሆንበት ጊዜ ዳይስ ይጥላሉ። አንድ ሰው ደግሞ የታሪኩ መሪና ዳኛ ይሆናል። ጦረኛውና አስማተኛው ከመጀመሪያው አንሥቶ በአንድ ጓድ ውስጥ ጎን ለጎን ይጓዛሉ፤ ከሁለቱ ማን ይበልጣል የሚለው ክርክርም እስከ ዛሬ አልበረደም።

የቀድሞዎቹ ደንቦች ለአስማተኛው ኃይልን የሰጡት በነጻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1978 በታተመው የተጫዋቾች መጽሐፍ ጦረኛው የሕይወት ነጥቡን የሚያገኘው ባለ አሥር ገጽ ዳይስ ጥሎ ሲሆን፣ የአስማተኛው ዳይስ ግን አራት ገጽ ብቻ ነበረው። ጥሩር አይለብስም። በመጀመሪያው ደረጃ በቀን የሚደግመው አንድ ድግምት ሲሆን፣ እርሱም ከተደገመ በኋላ ከአእምሮው ስለሚጠፋ እንደገና ሊያጠናው ግድ ነበር። በሚደግምበት ቅጽበት ጠላት ቢመታው ድግምቱ ይበላሻል። ስለዚህ ጦረኛው ከፊት ቆሞ ካልጋረደው፣ አስማተኛው በአንድ የጩቤ ምት ሊወድቅ የሚችል ምስኪን ነበር። ከዚህ ሁሉ ተርፎ ከፍ ካለ ደረጃ ሲደርስ ግን የቀድሞ ጋራጁን ጥሎት ይሄዳል። ይህ ዓይነቱ ሚዛን ብዙ ወዳጆች አሉት፤ እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። አንዱ በመጀመሪያው ዓመት፣ ሌላው በመጨረሻው ዓመት ይሰለቻል ማለት እኮ ነው። ደግሞስ በአምስተኛው ምሽት የሚቋረጥ ጨዋታ ዕዳውን መቼ ይከፍላል?

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም አብዛኛውን ዋጋ አቀለለው። አስማተኛው ተጠንቅቆ ለመድገም ከቻለ ጠላት አጠገቡ ቢቆምም ብዙ አይሠጋም። ውጤቱን በስሌት እንመልከተው። በዚህ እትም የእሳት ኳስ የተባለው ድግምት ለእያንዳንዱ የአስማተኛው ደረጃ አንድ ዳይስ ያስጥላል፤ ጣሪያውም አሥር ነው። የአምስተኛ ደረጃ አስማተኛ፣ ከአእምሮ ብቃቱ የሚያገኘው ጭማሪ ሳይቆጠር፣ የዚህን እርከን ድግምት በቀን አንድ ጊዜ ይደግማል፤ ይህም አምስት ዳይስ ነው። አሥረኛ ደረጃ ሲደርስ ሦስት ጊዜ ይደግማል፤ እያንዳንዱም አሥር ዳይስ ስለሆነ ድምሩ ሠላሳ ይሆናል። ከዚያ በላይ ያሉትን ሁለት እርከኖች ገና አልቆጠርንም። በዚያው ጊዜ ጦረኛው በአንድ ዙር የሚሰነዝረው ምት ከአንድ ወደ ሁለት ከፍ ብሏል። የአንደኛው ኃይል ስድስት እጥፍ ሲያድግ የሌላው እጥፍ ብቻ ሆነ፤ ምክንያቱም የድግምቱ ብርታትም ብዛቱም አብረው ስለሚያድጉና ሁለቱ ስለሚባዙ ነው።

አንዳንዶች፣ «አስማት ከሰይፍ ካልበለጠ ምኑን አስማት ሆነ?» ይላሉ። ቀላል ጥያቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው አርስ ማጂካ የተባለው ጨዋታ የአስማተኛውን የበላይነት ሳይደብቅ ይቀበላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ አስማተኛና አንድ ሌላ ባልደረባ አዘጋጅቶ እንዲፈራረቅባቸው፣ ተራ ወታደሮቹም የሁሉም የጋራ እንዲሆኑ ያደርጋል። ንግሥቲቱ ከእጅ ወደ እጅ ትዘዋወራለች ማለት ነው። የሚገርመው ከዚህ ጨዋታ ሁለት ደራሲዎች አንዱ የሆነው ጆናታን ትዊት ሦስተኛውን እትም ካዘጋጁት ሰዎች አንዱ መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው አራተኛው እትም በተቃራኒው ሁሉንም በአንድ ቁና ሰፈረ። ጦረኛውም አስማተኛውም ሁልጊዜ የሚሠራ፣ በአንድ ፍልሚያ አንድ ጊዜ የሚሠራና በቀን አንድ ጊዜ የሚሠራ ችሎታ ተሰጣቸው። ቁጥሩ ተስተካከለ፤ ጣዕሙ ግን ተመሳሰለ። በበኩሌ የምጠላው ይህን ዓይነቱን እኩልነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የመጣው አምስተኛው እትም የተሻለ መላ አግኝቷል፤ ጽኑ ትኩረት ከሚጠይቁት ድግምቶች አስማተኛው በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ሊይዝ አይችልም፤ ቢመታም ሊያመልጠው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 በተሻሻለው መጽሐፍ ደግሞ ጦረኛው እንደ መሣሪያው ዓይነት ጠላትን መግፋት፣ መጣል ወይም ማዘግየት ይችላል።

ይህ ሁሉ ግን ስለ ፍልሚያ ነው። ድልድይ የሌለው ወንዝ ሲገጥማችሁ አስማተኛው ይበርራል፤ ጦረኛው አሻግሩኝ ብሎ ይለምናል። የ1978ቱ መጽሐፍ ለዚህ መልስ ነበረው ብዬ አምናለሁ። ዘጠነኛ ደረጃ የደረሰ ጦረኛ ምሽግ ሠርቶ ግዛት ሲያቀና ወታደሮች ወደ እርሱ ይሰበሰቡ ነበር፤ በሦስተኛው እትም ይህ የጦረኛው የብቻ ወግ መሆኑ ቀረ። ለእናንተ ለጨዋታ መሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ይህን ወግ እንድትመልሱለት ነው። ጦረኛው ወንዙ ዳር ቆሞ ሲያዝ መጥረቢያ የያዙ መቶ ሰዎች ከኋላው ይውጡ፤ ግንዱን ይቁረጡ፣ ድልድዩን ይዘርጉ፤ አስማተኛውም ቢፈልግ በላዩ ይለፍ።