ያለ አሽከርካሪ የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪና የአሶሳ መንገድ

ያለ አሽከርካሪ የሚንቀሳቀሱ ተሽከርካሪዎችን የሚመራ ሶፍትዌር ማልማት በርካታ ጀማሪ ኩባንያዎች የተሰማሩበት፣ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የፈሰሰበት የሥራ መስክ ሆኗል። ጉዳዩ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ለምትገኘው አሶሳ የሩቅ ወሬ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ የሶፍትዌሩን አሠራር በቅርበት ለተመለከተ፣ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል አስፈጻሚ አካላት ከወዲሁ ሊያስቡባቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም በሞሐቪ በረሃ ባዘጋጀው ውድድር ከተሳተፉት ተሽከርካሪዎች አንዱም ጉዞውን አልፈጸመም። በተከታዩ ዓመት ግን አምስቱ ሲያጠናቅቁ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን አሸናፊ ሆኗል። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረው ፕሮጀክት በአሁኑ ወቅት ዌይሞ በሚል ስያሜ በተለያዩ የአሜሪካ ከተሞች መንገደኞችን ያለ አሽከርካሪ ያጓጉዛል። በአንጻሩ በፎርድና በፎልክስዋገን ይደገፍ የነበረው አርጎ ኤአይ እ.ኤ.አ. በ2022 ተዘግቷል። ጀነራል ሞተርስም ለክሩዝ የሮቦት ታክሲ ሥራ ይሰጥ የነበረውን ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ አቋርጧል።

በመስኩ ሁለት ዓይነት አካሄዶች ይታያሉ። የመጀመሪያው ተሽከርካሪው የሚንቀሳቀስበትን ከተማ አስቀድሞ በከፍተኛ ጥራት በካርታ መመዝገብን የሚጠይቅ ነው። ካሜራ፣ ራዳርና በሌዘር ብርሃን ርቀትን የሚለካ መሣሪያ የሚሰበስቡት መረጃ ከዚሁ ካርታ ጋር ይመሳከራል። ሁለተኛው አካሄድ ሶፍትዌሩ የሰዎችን አነዳድ ከብዙ የቪዲዮና የጉዞ መረጃ እንዲማር ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በእንግሊዝ የተመሠረተውና በ2024 ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ያሰባሰበው ዌይቭ የተሰኘ ጀማሪ ኩባንያ የሚከተለው ይህንኑ ነው።

ሁለቱም አካሄዶች በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ፤ ሶፍትዌሩ በደንብ የሚያውቀው በመረጃ መልክ የቀረበለትን ብቻ ነው። የአሶሳና የአካባቢዋ መንገድ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በክረምት በጭቃ፣ በበጋ በአቧራ የሚሸፈን የጠጠር መንገድ የመስመር ቀለም የለውም። ባጃጅ፣ የጭነት መኪና፣ እግረኛና ከብት በአንድ መንገድ ይጋራሉ። በትከሻቸው ላይ በተጋደመ ዘንግ ግራና ቀኝ ሸክም አንጠልጥለው የሚጓዙ የጉሙዝ እናቶች ለአካባቢው አሽከርካሪ የዕለት ተዕለት እይታ ናቸው። በፊኒክስ ወይም በለንደን ጎዳና ለሠለጠነ ሶፍትዌር ግን እንዲህ ያለው እግረኛ ስፋቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ በምን ፍጥነት እንደሚዞር ያልተማረው ነገር ነው። በዚህ ላይ የሚፈጠር ስህተት የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ቴክኖሎጂው ወደ አገር ውስጥ የሚገባው የግድ በሮቦት ታክሲ መልክ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን ተከትሎ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ቁጥር እየጨመረ ነው። በክልሉ ጉባ ወረዳ የተገነባውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ለዚህ አቅጣጫ አስተማማኝ ኃይል ይሆናል። ከአዳዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ፍሬን በራሳቸው የሚይዙ፣ መስመር የሚጠብቁና ፍጥነት የሚያስተካክሉ ሶፍትዌሮችን ይዘው ይመጣሉ። በሌላ አገር መንገድ የተቃኘ ሶፍትዌር ወደ ክልሉ የሚደርሰው ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ነው።

ሌላው መግቢያ በር የማዕድን ዘርፍ ነው። በአውስትራሊያ ፒልባራ አካባቢ ያለ አሽከርካሪ የሚሠሩ ግዙፍ የማዕድን ጭነት መኪኖች ሙከራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008፣ ማለትም የጎግል ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የማዕድን ስፍራ የታጠረ፣ መንገዱ የታወቀ፣ እግረኛ የማይገባበት ነው። በአሶሳ ዞን ኩርሙክ ወረዳ ከፍተኛ የወርቅ ፕሮጀክት ያለው ክልል ይህን ልምድ ማጤን ይኖርበታል። በአሽከርካሪነት የሚተዳደሩ የአካባቢው ወጣቶች የሥራ ዕድል ጉዳይም አብሮ የሚታይ ነው።

የሕግ ማዕቀፉን በተመለከተ፣ የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት የሚያደርገው መሪ የሚይዝ ሰው መኖሩን ነው። ሶፍትዌር ሲመራ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂው ማን ይሆናል? ባለቤቱ፣ አስመጪው ወይስ ሶፍትዌሩን ያለማው ኩባንያ? እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው ሕግ ተሽከርካሪው ራሱን በሚመራበት ጊዜ ለአነዳዱ የሚጠየቀው ፈቃድ የተሰጠው ድርጅት እንጂ ውስጥ የተቀመጠው ሰው እንዳይሆን ወስናለች። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በሳን ፍራንሲስኮ የክሩዝ ተሽከርካሪ አንዲት እግረኛን ከጎተተ በኋላ ኩባንያው ለተቆጣጣሪዎች ያቀረበው መረጃ ያልተሟላ ሆኖ መገኘቱ፣ መረጃውን ራሱ ማየትና መመርመር የሚችል ተቆጣጣሪ አካል የማደራጀትን አስፈላጊነት ያመለክታል።

በአገር ደረጃ መነሻ የሚሆኑ ሥራዎች ተጀምረዋል። የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ፖሊሲና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በ2016 ዓ.ም. ጸድቀዋል፤ የስታርትአፕ አዋጅም በ2017 ዓ.ም. ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አይኮግ ላብስ የኢትዮጵያ ወጣቶች በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሶፍትዌር ለውጭ ደንበኞች መሥራት እንደሚችሉ አሳይቷል።

ከዚህ አኳያ ክልሉ ራሱ ተሽከርካሪ እስኪሠራ መጠበቅ አይጠበቅበትም። የመንገድ ሥራ፣ የትራፊክ ፖሊስና የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች በየፋይሉ የያዙትን የመንገድና የአደጋ መረጃ በአንድ ዓይነት ቅጽ ማደራጀት፣ የመንገድ ምልክቶችን ማሟላት፣ የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአካባቢውን መንገድ በቪዲዮ መዝግበው ለጥናት እንዲያውሉት ማበረታታት በተያዘው አቅም የሚጀመሩ ተግባራት ናቸው። እነዚህ ሥራዎች ሶፍትዌሩ ቢዘገይ እንኳ ዛሬ የሚደርሰውን አደጋ ለመቀነስ ይጠቅማሉ። የተሰበሰበው መረጃ ለውጭ ኩባንያ በሚሰጥበት ጊዜም የባለቤትነቱና የዜጎች ምስል አጠባበቅ ጉዳይ በውል መታሰር ይኖርበታል።

በመረጃ ያልተመዘገበ መንገድ ለሶፍትዌሩ እንደሌለ ይቆጠራል። የአሶሳን መንገድና በመንገዱ የሚጓዘውን ሕዝብ የሚመዘግበው ማን እንደሆነ፣ መረጃውም ለማን ጥቅም እንደሚውል መወሰን የኩባንያዎች ሳይሆን የአስተዳደሩ ኃላፊነት ነው።