ጀናዛ ለሚያጥብ ሰው ማን ሥዕል ይሳልለት?

በኅዳር 2018 የማርበርግ በሽታ ጂንካ ውስጥ መገኘቱ ሲገለጽ፣ በስልኬ የደረሱኝ መልእክቶች ረጃጅም ጽሑፎች ነበሩ። ስህተት የለባቸውም፤ ግን ከዙሁር ሶላት ወጥቶ ወደ ሥራው የሚጣደፍ ሰው እስከ መጨረሻው አያነባቸውም።

ይህን በኮሮና ጊዜም አይተናል። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ በኋላ ጤና ሚኒስቴር በየቀኑ ሰንጠረዥ ያወጣ ነበር፦ የተመረመሩ፣ የተያዙ፣ ያገገሙ፣ የሞቱ። ቦሌ ያለው ሚሊኒየም አዳራሽ የሕክምና ማዕከል ሲሆንም ሰንጠረዡ አልተቋረጠም። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ዛሬ ምን ላድርግ ለሚለው ግን መልስ የለውም። መልስ የነበረው መስጂድ ምንጣፍ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ነው። ፊደል ያልቆጠሩ አባት እንኳ ሰፍ ውስጥ እግራቸውን የት እንደሚያሳርፉ ወዲያው ያውቃሉ።

ጥሩ የጤና ሥዕል አንድ ውሳኔ ብቻ ያሳያል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃን ክንድ የሚለኩበትን ጥብጣብ ተመልከቱ፦ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። እናትየው ቀለሙን ካየች ይበቃታል። (ይህን ዓይነት ጥብጣብ ካስተዋወቁት አንዱ ኢራቃዊው ሐኪም አድናን ሻኪር ነው።) ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የሰውን ምኞትና አጀል ለሶሓቦች ሲያስረዱ መሬት ላይ አራት ማዕዘንና መስመሮች መሳላቸው በቡኻሪ ተዘግቧል።

ማርበርግ እኛን በተለይ የሚመለከተው በጀናዛ በኩል ነው። በሽታው የሚተላለፈው በታማሚው ደምና የሰውነት ፈሳሽ ንክኪ ሲሆን፣ የሟች አካልም ያስተላልፋል። እኛ ደግሞ ሟቻችንን በእጃችን እናጥባለን። ማጠብ ካልተቻለ ስለ ተየሙም ፉቀሃዎች ተናግረዋል፤ ለዚህ በሽታ ዝርዝሩን መወሰን የዑለማዎች ሥራ ነው። ከተወሰነ በኋላ ግን በጽሑፍ ብቻ እንዳይቀር። መጅሊስና የጤና ባለሙያዎች አብረው ተቀምጠው ሦስት ሥዕል ያዘጋጁ፦ አትንካ፣ ደውል፣ ርቀህ ስገድ። የሰው ምስል የማይዋጥለት ጀመዓ ካለ እጅ፣ ጓንትና ስልክ ይበቃል። የራስ ቅል ግን አይሳልበት፤ የፈራ ቤተሰብ ሬሳ ይደብቃል።

የሚሰቀለውም ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ጀናዛ ማጠቢያው በር ላይ፣ በዓይን ከፍታ ይሁን።