የሰው ፊት የድፍረት መፈተኛ አይደለም

«በዋይድ ሌንስ ከአንድ ሜትር ርቆ የሚያነሣ ፈሪ ነው።» ሰሞኑን ለጀማሪ ፎቶ አንሺዎች በተሰጠ ሥልጠና ላይ አንድ አሠልጣኝ እንዲህ ሲል ሰማሁ። ተማሪዎቹም እንደ ሕግ ማስታወሻቸው ላይ አሰፈሩት። ለማስረጃ ያሳየው ከጦርነቱ በፊት ካርቱም፣ አል-ማንሺያ ሰፈር ውስጥ ያነሣትን አንዲት ሐበሻ ሻይ ሻጭ ነው። ግማሽ ሜትር ያህል ተጠግቷታል። አፍንጫዋ አብጦ ይታያል፤ ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ሸሽተዋል፤ ፊቷን ለመከለል ወደ ሌንሱ የዘረጋችው መዳፍ ከግንባሯ ገዝፏል። አሠልጣኙ ያንን መዳፍ «የፎቶው ጉልበት» ብሎ አሞገሰው። ሴትዮዋ ግን በእጇ የተናገረችው ግልጽ ነው፤ አታንሣኝ ብላለች።

እስቲ ይህ ድፍረት የተባለው ነገር የማን ድፍረት ነው? ፎቶ አንሺው ቢበዛ ይሰደባል፤ ካሜራውን አንጠልጥሎ መንገዱን ይቀጥላል። አደጋው ያለው በርጩማዋ ላይ በቀረችው ሴት ላይ ነው። በአልበሽር ዘመን ካርቱም ጎዳና ላይ ሻይ መሸጥ ማለት ከሻ የሚሉት የፖሊስ አፈሳ መጣ አልመጣ እያሉ መዋል ነበር። አፈሳው ሲመጣ የከሰል ምድጃው፣ ማንቆርቆሪያው፣ በርጩማው ሁሉ መኪና ላይ ተጭኖ ይሄዳል፤ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት ሐበሻ ከሆነች ደግሞ እስርና ከአገር መባረር ይከተላል። ፖሊስ ለአፈሳው ይጠቀምበት የነበረው የሥነ ሥርዓት ሕግ በኅዳር ወር 2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ተሽሯል፤ ስጋቱ ግን ከሰው ልብ በአዋጅ አይወጣም። አገር ቤት ላሉት ዘመዶቿ ምን እንደምትሠራ ነግራ እንደሆነስ? አልነገረች እንደሆነስ? ይህን ሳይጠይቅ ፊቷን የወሰደ ሰው በምን ሒሳብ ነው ደፋር የሚባለው?

ደግሞ እዚያው ማንሺያ አጠገብ ጥቁር ዓባይን ተሻግሮ ካርቱምን ከምሥራቅ ናይል የሚያገናኝ ድልድይ አለ። በዚያን ጊዜ በካርቱም ፎቶ ለማንሣት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ድልድይና የጦር ሰፈር ማንሣት ደግሞ ፈቃድ ላለውም ክልክል ነበር። ስንቱ ፎቶ አንሺ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ አለፈ! ጠመንጃ የያዘ በቆመበት ጨዋ፣ ማንቆርቆሪያ የያዘች በተቀመጠችበት ጀግና መሆን ድፍረት አይደለም። አቅም የሌለውን መርጦ መድፈር ነው።

የሥነ ምግባሩ ነገር ይቅር፤ በፎቶም ሚዛን ቢሆን የአንድ ሜትሩ ሕግ ያከስራል። ፊት የሚዛባው በሌንሱ ሳይሆን በርቀቱ ነው። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ 12 ሳንቲ ሜትር ብንል፣ ከ50 ሳንቲ ሜትር ሲነሣ አፍንጫው ከጆሮው አንጻር 24 በመቶ ገዝፎ ይወጣል። ከ2 ሜትር ሲነሣ ብልጫው 6 በመቶ ብቻ ነው። ከሻይ ሻጯ ኋላ 1 ሜትር ተኩል ርቆ የተቀመጠ ደንበኛስ? ከግማሽ ሜትር ሲነሣ ጭንቅላቱ የእሷን ሩብ አክሎ ይታያል፤ ከ2 ሜትር ቢነሣ ከግማሽ በላይ ይሆን ነበር። እንግዲህ ሲጠጉ የሚሆነው ይህ ነው፤ አንዱ ሰው ያብጣል፣ አብረውት ያሉት ይኮስሳሉ። ሻይ ሻጭ ደግሞ ያለ ደንበኞቿ ሻይ ሻጭ አይደለችም። ሾፌሩ፣ ተማሪው፣ ወሬ ሊሰማ የመጣው ጎረቤት ዙሪያዋን ሲቀመጡ ነው ሥራዋ ሥራ የሚሆነው።

ዋይድ ሌንስ የተሠራው ሰውን ከነቦታው እንዲይዝ ነው። ባለ ሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ የተገጠመ 28 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ2 ሜትር ተኩል ላይ ወርዱ 3 ሜትር ከ20፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ10 የሚሆን ቦታ ያስገባል። ምድጃው፣ ብርጭቆዎቹ፣ እሷ፣ ሁለት ደንበኞች፣ የተጠለሉበት ጥላ ሁሉ ይገባሉ። ፎከሱን እዚያው 2 ሜትር ተኩል ላይ አስሮ አፐርቸሩን ኤፍ 8 ላይ ያደረገ ሰው፣ ከ1 ሜትር ተኩል ገደማ ጀምሮ እስከ 10 ሜትር ያለው ይጠራለታል። በግማሽ ሜትር የሚገባው ግን ወርዱ 64፣ ቁመቱ 43 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አንድ ጭንቅላትና አንድ መዳፍ።

እንዲህ ተጠግቶ በማንሣት የጠፋው ነገር ቀላል አይደለም። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጦርነቱ ካርቱም ላይ ፈነዳ። ሻይ ሲሸጡ የነበሩ ብዙ ወገኖቻችን በገላባት አድርገው መተማ ገቡ። ዛሬ ያ ሰፈር እንዴት ነበር፣ ሐበሾቹ የት ተቀምጠው ከማን ጋር ይውሉ ነበር ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ የምናሳየው ከዚያ ቀን በፊት የተነሡትን ፎቶዎች ነው። የአሠልጣኙ ፎቶ ለዚህ ልጅ ምን ይነግረዋል? ማንሺያ ይሁን መርካቶ አይለይም። ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ቢል ኖሮ አንድ ጎዳና ተርፎ ይቀር ነበር።

ወዲያው የጦር ሜዳ ፎቶ አንሺው ሮበርት ካፓ ይጠቀስብኛል፤ ፎቶህ ካላማረ አልቀረብህም ማለት ነው ብሏል ይባላል። ካፓ ሰኔ 6 ቀን 1944 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኖርማንዲ የወረደው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ የገጠሙ ኮንታክስ ካሜራዎች ይዞ ነው፤ በጥይቱ መካከል ከወታደሮቹ ጋር አብሮ ገብቶ። በ1954 ቬትናም ውስጥ ፈንጂ ረግጦ የሞተውም እንዲሁ ሲቀርብ ነው። የእሱ መቅረብ ከሚያነሣው ሰው ጋር አደጋውን መካፈል ነበር። የጎዳና ፎቶ አንሺው ብሩስ ጊልደንም ኒው ዮርክ ላይ በ28 ሚሊ ሜትርና በፍላሽ የሰው ፊት ላይ እየደረሰ ያነሣል። ኒው ዮርካዊው ግን መልሶ ሊሰድበው፣ ፖሊስ ሊጠራበት ይችላል። የማንሺያዋ ሐበሻ ፖሊስ ልትጠራ? ፖሊሱን እኮ ነው የምትሸሸው!

ካርቱም ራሷ የተሻለ አስተማሪ ነበረች። ሚያዝያ 8 ቀን 2019 ላና ሃሩን በእጅ ስልኳ አላ ሳላህን ስታነሣ ለተቃውሞ በወጣው ሕዝብ መካከል ነበረች። መኪና ላይ የቆመችው ነጭ ቶብ የለበሰች ወጣት፣ ወደ ሰማይ የቀሰረችው ጣት፣ ዙሪያዋን ስልካቸውን ያነሡት ሰዎች፣ ሁሉም አንድ ላይ ገብተዋል። ሰዎቹ ባይኖሩ አንዲት ሴት ጣቷን ቀስራለች፤ ሰዎቹ ስላሉ ግን አንድ አገር ተነሥቷል። የያሱዮሺ ቺባ ፎቶም በ2020 የወርልድ ፕሬስ ፎቶን የዓመቱን ሽልማት ያገኘው ካርቱም ውስጥ መብራት በጠፋበት ሌሊት ግጥም የሚያሰማውን ወጣት በዙሪያው ካሉት ጋር ስላሳየ ነው። ብርሃኑ የመጣው ከእነሱ ስልክ ነው፤ እነሱን ቆርጦ ማውጣት ፎቶውን ማጥፋት ነበር።

ስለዚህ አሠልጣኞች ሆይ፣ ለልጆቹ ይህን አስተምሯቸው። በ28 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሥራውን ከ2 ሜትር ተኩል ይጀምሩ። ሰላምታ ይስጡ፤ ሻይ ይዘዙ፤ ይቀመጡ። ሴትዮዋ ፈቅዳ ካስጠጋቻቸው ይጠጉ፤ እጇን ካነሣች ካሜራውን ያውርዱ። የተዘረጋ መዳፍ ፊት ካሜራን ዝቅ ማድረግ ከመጫን የበለጠ ወኔ ይጠይቃል፤ ይህን የማያስተምር ሥልጠና የፎቶ ሥልጠና ተብሎ ገንዘብ ሊከፈልበት አይገባም።