ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ቢገባ በምን እንችለዋለን?



የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በተሰማ ጊዜ በብዙ ቤት ደስታና ጭንቀት አብረው ይገባሉ። እናት እልል ትላለች፣ ጎረቤት እንኳን ደስ አላችሁ ይላል። ሌሊት ግን ባልና ሚስት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በምን እናስተምራለን?» ይባባላሉ። ያለፈችው ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ፣ «ለጊዜው ሥራ ትያዝና ታናናሾቿን ታግዝ» ወይም «ዐረብ አገር ትሂድ» የሚል ሐሳብ ቶሎ ይመጣል። ወላጆች ሆይ፣ ይህን ከመወሰናችሁ በፊት ጥቂት እንነጋገር።

በ2017 ዓ.ም. አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። በዚህ ወንፊት ያለፈ የድሃ ልጅ በብርድ ልብስና በአውቶቡስ ትኬት ምክንያት ቤት ሊቀር አይገባም።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ተማሪ የትምህርቱን ገንዘብ በር ላይ አይጠየቅም። መኝታና ምግብም ያገኛል። ይህ ግን ስጦታ አይደለም፣ ብድር ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወጪ መጋራት ሥርዓት ይባላል። ተማሪው ውል ይፈርማል፤ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ የተወሰነውን ክፍል ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከገቢው ይከፍላል። እንግዲህ ባልና ሚስት አብረው ሊያስቡባቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ዕዳውን እወቁት። በ2017 ዓ.ም. ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚያዘው ገንዘብ ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በቀን 100 ብር ማለት በወር 3,000፣ በአሥር ወር 30,000፣ በአራት ዓመት 120,000 ብር ነው፤ ይህ የምግቡ ብቻ ስሌት ነው። ትክክለኛውን ልክ የሚነግራችሁ ውሉ ስለሆነ ልጃችሁ ሳያነብ እንዳይፈርም፣ ቅጂውንም እንዲያስቀምጥ ምከሩት። ዋናው ዲግሪ እጁ የሚገባው ዕዳው ሲዘጋ ነው። ለጋብቻ የምትዘጋጁ ምሩቃንም ይህን ዕዳ አንዳችሁ ከሌላችሁ አትደብቁ። ሆኖም ሥራ ይዞ የሚከፈል ዕዳ፣ ዛሬ በሩን ከመዝጋት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ መንግሥት የማይሸፍነውን አስሉ። የመንገድ፣ የአንሶላና የብርድ ልብስ፣ የሳሙና፣ የፎቶ ኮፒና የስልክ ካርድ ወጪ የቤተ ሰቡ ነው። ጌታ ግንብ ሊሠራ ስላሰበው ሰው የተናገረው ምሳሌ እዚህም ይሠራል። ውጤት እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ልጁ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገባ ትንሽ ዕቁብ ጀምሩ። በወር ምን ያህል ልትልኩለት እንደምትችሉም ተስማምታችሁ ለልጁ በግልጽ ንገሩት። አባት የማይችለውን ቃል ሲገባ፣ እናት ደግሞ ከባልዋ ተደብቃ ስትበደር በመካከላቸው መተማመን ይጠፋል። ልጁም አቅማችሁን ካወቀ ከጓደኞቹ ጋር አይፎካከርም።

ሦስተኛ፣ ምርጫ ሲሞላ አብራችሁት ሁኑ። ቅርብ ያለ ዩኒቨርሲቲ የመንገድ ወጪን ይቀንሳል፤ የመረጡት ሁሉ ይደርሳል ማለት ግን አይደለም። ምሕንድስናን የመሰለ አምስት ዓመት የሚፈጅ ትምህርት ደግሞ ዕዳውን በአንድ ዓመት ይጨምራል። ይህን ማወቁ ለመዘጋጀት እንጂ የልጁን ዝንባሌ ለመግፋት አይሁን። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የሚመኝ፣ ተቋሙ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና እንደሚሰጥና በግል ከፍለው የሚማሩም እንዳሉት ይወቅ። የገባው በመንግሥት ድጋፍ ይሁን በግል ክፍያ ሳያረጋግጥ አይመዝገብ።

በመጨረሻ ለአብያተ ክርስቲያናት አንድ ቃል አለኝ። በየዓመቱ ለተመራቂዎች የምስጋና ፕሮግራም እናዘጋጃለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን ገና የሚሄደውን ልጅ ማን ይሸኘዋል? አንድ የቤት ለቤት ኅብረት ብርድ ልብስና የመንገድ ገንዘብ ቢያዋጣ ብዙ አይከብደውም። ስጦታው በመድረክ ላይ ስሙ ተጠርቶ ሳይሆን ማታ በጸጥታ ቤቱ ይድረስ። ድሃ ልጅ ክብሩን ይዞ ይሂድ።

ባልና ሚስት ሆይ፣ ልጃችሁ ከመወሰኑ በፊት «አንችልም» የሚለውን ቃል ከአፋችሁ እንዳይሰማ። በመጀመሪያ ተቀምጣችሁ አስሉ፣ ጸልዩ፣ ጠይቁ። ያን ጊዜ ልጃችሁ የሚሰማው፣ «ይህን ያህል እንችላለን፤ የቀረውን አንተ ሠርተህ ትከፍላለህ» የሚል ይሆናል።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።