12 ሰከንድ በማን ወንበር?

ሰሞኑን አክስቴን ለጉልበቷ ሕክምና ወስጃት ተናድጄ ተመለስኩ። ወጣቱ ባለሙያ ትሁት ነው፤ በእሱ አልፈርድም። «እማማ፣ ከዚህ ይነሱና እዚያ ምልክቱ ድረስ ሄደው፣ ዞረው ተመልሰው ይቀመጡ» አላት። «ከዚህ» ያለው ሶፋ ነው። ያውም ሲቀመጡበት ወገብ ከጉልበት በታች የሚሰምጥበት! ከዘራዋን «እኔ ልያዝልዎት» ብሎ ወሰደና ስልኩ ላይ ሰዓት ማስቆጠር ጀመረ። ሰዓቱ ይሮጣል፣ አክስቴ ከስፖንጁ ጋር ትታገላለች። በመጨረሻ «የመውደቅ ስጋት አለባቸው» ተብሎ ተጻፈ።

ከሶፋ ጋር የቆየ ጠብ ነበረኝ፤ አሁን ግን ማስረጃም አለኝ። ይህን ፈተና ፖድሲያድሎና ሪቻርድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1991 እ.ኤ.አ. ሲያወጡት ወንበሩን እንዲሁ አልተዉትም። መቀመጫው 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ የእጅ መደገፊያም ያለው ነው። መንገዱ 3 ሜትር ነው። ተፈታኙ የዘወትር ጫማውን ያደርጋል፤ ምርኩዝ ከለመደም ምርኩዙን ይይዛል። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ የፈጀበትን አዛውንት ለመውደቅ የተጋለጠ ነው ይላል። በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ብድግ ቁጭ እንደሚባል በሚቆጠርበት ሌላው ፈተና ደግሞ ወንበሩ መደገፊያ የለውም፤ በእጁ ተደግፎ የተነሳ ዜሮ ይጻፍበታል። እንግዲህ ወንበር የተቀያየረ ዕለት የሚሆነውን አስቡት።

አንድ ወዳጄ «ሁሉም በዚያው ሶፋ ከተፈተነ ምን ችግር አለው?» አለኝ። 12ቱ ሰከንድ ከሶፋ የመጣ መስሎታል።

«ዱካስ ዝቅ ያለ አይደለም ወይ?» የሚለኝም አይጠፋም። ነው። ግን አክስቴ ቡና አፍልታ ስትነሳ ልብ ብላችሁ እዩዋት። እግሯን ወደ ኋላ ሰብስባ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣ ጎንበስ ብላ ብድግ ነው። ዱካ ጠንካራ ነው፣ አይሰምጥም። ሶፋ ግን ፊቱ ድፍን ስለሆነ እግር ወደ ኋላ አያስገባም፤ እግሩን ከሥሩ ያልሰበሰበ ሰው ደግሞ ወጣትም ቢሆን በቀላሉ አይነሳም።

ይሄ ሁሉ ስለ ክሊኒኩ ነበር፤ አክስቴ ቤት ስገባ ግን ያው ሶፋ ሳሎኗ ውስጥ ተገትሯል። ልጆቿ ከውጭ ብር ልከው «እማዬ ትረፍበት» ብለው የገዙላት ነው። እሷም እንግዳ ሲመጣ ለልጆቿ ክብር ስትል ትቀመጥበታለች፤ እንግዳው ሲወጣ ጎትቶ የሚያነሳት ሰው ትጠራለች። ልጆቿን ቅር አሰኛለሁ ብላ ይሄን በስልክ አትነግራቸውም። እኔ ነገርኳቸው፤ ተቀየሙኝ።

ከዚያ አናጺ ጠርቼ «ከሥሩ ጣውላ ጨምረህ ከፍ አድርግልኝ፤ መቀመጫውንም አጠንክረው» አልኩት። ዞር ዞር ብሎ አየውና «ጋሼ፣ ያስጠላል እኮ» አለኝ።

ያስጠላ።